የተረከዝ ጅማት ሕመም፦ ከማገገሚያ ልምምዶች የትኛው ለማን ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ከተረከዙ በላይ ያመመው ሰው ምክር አያጣም። አብሮት የሚሮጠው ልጅ «ደረጃ ላይ ቁምና ተረከዝህን ቁልቁል ልቀቀው» ይለዋል። ጎረቤት ወጌሻ ይጠቁመዋል። መድኃኒት ቤት ሄዶ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ይመለሳል። ስልኩ ላይ ያገኘው አንዱ ቪዲዮ በቀን 180 ጊዜ ሥራ ይለዋል፤ ሌላው በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃሃል፣ ግን ክብደት ተሸከም ይለዋል። እናቱ ደግሞ «አርፈህ ተቀመጥ» ትለዋለች። ግራ የሚያጋባው ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ ለሆነ ሰው ልክ መሆናቸው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በጥናት የተፈተሹት ልምምዶች በመጨረሻ ውጤታቸው ያን ያህል አይራራቁም። የሚራራቁት በሚበሉት ጊዜ፣ በሚፈልጉት ዕቃ፣ ሲሠሩ በሚያሳምሙት መጠንና ሕመሙ በተቀመጠበት ቦታ ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት ሳያቋርጡ ሊሠሩት የማይችሉት ልምምድ፣ የቱንም ያህል ቢመሰገን ለእርስዎ አይሆንም።

## መጀመሪያ ቦታውን ይለዩ

የተረከዝ ጅማት፣ ስፖርተኞች አኪለስ የሚሉት፣ የባት ጡንቻዎችን ከተረከዝ አጥንት ጋር ያያይዛል። ከሰውነታችን ጅማቶች ወፍራሙና ጠንካራው እሱ ነው፤ በሩጫ ጊዜ የሚሸከመው ጫና ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሲታመም ከሁለት ቦታ በአንዱ ያምማል።

አንደኛው መሐሉ ነው፤ ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ጅማቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ግራና ቀኝ ይዘው ሲጫኑት ያምማል፤ ብዙ ጊዜም ከጤነኛው እግር ወፈር ብሎ ይዳሰሳል። ሁለተኛው ሥሩ ነው፤ ጅማቱ አጥንቱ ላይ የሚጣበቅበት፣ የጫማ ጀርባ የሚፈትገው ቦታ።

ይህን ሳይለዩ ልምምድ መምረጥ አይቻልም። የእግር ጣቶች ወደ ቅልጥም ቀርበው ተረከዝ ዝቅ ሲል፣ የጅማቱ ሥር ከአጥንቱ ጋር ይጫናል። ለመሐሉ ሕመም ይህ ችግር የለውም፤ ለሥሩ ሕመም ግን በየጊዜው ቁስሉን እንደመንካት ነው። ዳገት መውጣት፣ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ፣ ትልም ውስጥ እየረገጡ ማረስ፣ ከስግደት ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ሁሉም ጅማቱን እዚያው አቀማመጥ ላይ ያደርሱታል። የሑዳዴ ጾም ሲገባ ተረከዙ የሚብስበት ምእመን ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ላያስፈልገው ይችላል።

ልምምድ ጨርሶ የማይጀመርባቸው ሁኔታዎችም አሉ። እየሮጡ ወይም እየዘለሉ ሳለ ድንገት ከኋላ በድንጋይ የተመቱ ያህል ከተሰማዎትና በጣቶችዎ መቆም ካቃተዎት ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በደረትዎ ተኝተው፣ እግርዎ ከአልጋው ጫፍ ወጥቶ ተንጠልጥሎ፣ ሌላ ሰው ባትዎን ሲጨምቀው መርገጫዎ ካልተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ባቱ በሙሉ አብጦ ከሞቀም ጉዳዩ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። ወጣት ሆነው ሁለቱም ተረከዝ የሚያምምዎትና ጠዋት ወገብዎ ለረጅም ሰዓት የሚተሳሰር ከሆነ ችግሩ የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ብዙ ሰው አይጠየቅም፦ በቅርቡ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወስደዋል? ለተቅማጥና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንደ ዋዛ የሚዋጠው ይህ መድኃኒትና ዘመዶቹ ጅማትን ሊያሳምሙ፣ አልፎ አልፎም ሊያስበጥሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዟል። አሁን እየወሰዱት ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።

## በምን እንመዝናቸው?

ለሥሩ ሕመም ይሆናል ወይ? በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስዳል? ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ይሠራል? ሲሠሩት ምን ያህል ያምማል? ሩጫውን ወይም የዕለት ሥራውን ሳያቆሙ ይሆናል? በእነዚህ አምስት ጥያቄዎች ነው የምናልፈው።

ሁሉንም ልምምዶች የሚገዛ አንድ ደንብ አለ፤ ከየትኛውም ልምምድ በላይ የምተማመንበትም እሱን ነው። ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። ሲሠሩ እስከ 5 ቢደርስ ይፈቀዳል። በማግሥቱ ጠዋት ግን ወደነበረበት መመለስ አለበት፤ ከሳምንት ሳምንትም የጠዋቱ መገተር እየጨመረ መሄድ የለበትም። ይህ መለኪያ በስዊድን ተመራማሪዎች ተፈትሾ እስካሁን ይሠራበታል።

ስለዚህ ፍርዱን የሚሰጠው ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርደው የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሲረግጡ ስንት ከአሥር ነው? ደብተር ላይ ይጻፉት። የደብረ ብርሃንና የመንዝ ብርድ ጤነኛውንም ሰው ጠዋት ጠዋት ያኮማትራል፤ ስለዚህ ከትናንትናው ጠዋትዎ ጋር እንጂ ሸዋ ሮቢት ቆላ ካለው ዘመድዎ ጋር አይወዳደሩ። ጠዋቱ ከተባባሰ ልምምዱን አይተዉት፤ ክብደቱን ወይም ብዛቱን ቀንሰው ይቀጥሉ።

## ልምምድ ያልሆኑት አማራጮች

እረፍት ብቻውን ያታልላል። ሁለት ሳምንት ሲቀመጡ ሕመሙ ይበርዳል፣ ሲነሱ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ያልተጫነ ጅማት ጫና የመቻል አቅሙ ይቀንሳል። በጣም በጋለበት ሰሞን ሩጫና ዝላይ መቀነስ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በላይ እረፍትን ሕክምና ብሎ መያዝ ጊዜ ማባከን ነው።

ወጌሻ ስብራትና ውልቃት ላይ ያለውን ክብር አልነካም። ይህ ግን ውልቃት አይደለም፤ የሚመለስ ነገር የለም። ባትን ለስለስ አድርጎ ማሸት ያዝናናል፣ ጉዳትም የለው። የታመመውን ጅማት በአውራ ጣት አጥብቆ መደቆስ ግን በተለይ ሥሩ ላይ ከሆነ ያባብሰዋል። ባትን ግድግዳ ተደግፎ መሳብም እንዲሁ፦ መሐሉን ለሚያመው ግድ የለም፣ ሥሩን ለሚያመው ይቅር።

ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ያስታግሳል። እሱን ውጦ መሮጥ ግን የጠዋቱን ዳኛ አፍ ማስያዝ ነው፤ ጨጓራዎም አያመሰግንዎትም። ኮርቲዞን መርፌ ጅማቱ ውስጥ እንወጋልዎት ካሉዎት የመበጠስ አደጋውን አንስተው ይጠይቁ። እኔ ብሆን አልወጋም።

## አንደኛ፦ ከፍ ብሎ ቆሞ መቆየት

በሁለት እግር ጣቶች ላይ ይነሱና ተረከዝዎን ሳያንቀሳቅሱ 45 ሰከንድ ያህል ይቆዩ። ሁለት ደቂቃ ያርፉ። አምስት ጊዜ ይድገሙት። ሲቀልልዎት በአንድ እግር ያድርጉት። ዕቃ አይፈልግም፤ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እየጠበቁም ይሠራል። ተረከዝ ዝቅ ስለማይል ለሥሩ ሕመምም ይስማማል።

ሕመምን ወዲያው ያስታግሳል የሚለው ዝናው በአብዛኛው የመጣው በጉልበት ጅማት ላይ ከተሠራ ጥናት ነው፤ በተረከዝ ጅማት ላይ የተገኘው ውጤት የተደበላለቀ ነው። ስለዚህ ሌላ ምንም መሥራት ያልቻለ ሰው የሚገባበት በር አድርጌ ነው የማየው። ሁለት ሳምንት ያህል ከሠሩት በኋላ እዚያው አይቀመጡ።

## ሁለተኛ፦ ተረከዝን ቁልቁል ማውረድ

ዝነኛው ይህ ነው። ያስተዋወቀው ሆካን አልፍሬድሰን የተባለ ስዊድናዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ ራሱም የዚሁ ሕመም ተጠቂ ነበር። አለቃው ቀዶ ሕክምና ስለከለከለው፣ ጅማቱን አብሶ ለማስፈቀድ ሲል ጫነው፣ በዚያው ተሻለው ተብሎ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት 15 ሯጮች ከ12 ሳምንት በኋላ ወደ ሩጫቸው ተመለሱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የደረጃ ጫፍ ላይ በእግርዎ ፊተኛው ክፍል ይቁሙ፣ የበር መቃኑን ይያዙ። በጤነኛው እግር ተረከዝዎን ያንሱ። ክብደትዎን ወደታመመው ያዛውሩና ተረከዙን ቀስ ብለው ከደረጃው በታች ያውርዱት። ለመነሳት እንደገና ጤነኛውን ይጠቀሙ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ። ቀጥሎ ያንኑ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ። ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ፣ 12 ሳምንት። 180 የሚባለው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው። ሕመሙ ሲጠፋ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ክብደት ይጨመራል።

ለቦታው ይጠንቀቁ። የጭቃ መደብ ጫፉ ስለሚሸራረፍ አይሆንም፤ በክረምት የረጠበ የድንጋይ ደረጃም ያንሸራትታል። ብሎኬት ግድግዳ ሥር አስጠግተው ቢያስቀምጡ ይሻላል። ባዶ እግር አይሥሩ፤ ጎማው የሚይዝ ጫማ ያድርጉ።

ድክመቱ ሁለት ነው። 180 ጊዜ ያሰለቻል፤ ብዙ ሰው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ በዝምታ ይተወዋል። ደግነቱ በኋላ የወጣ አነስተኛ ጥናት የቻሉትን ያህል የሠሩ ሰዎች በስድስተኛው ሳምንት ከ180ዎቹ የባሰ ውጤት እንዳላገኙ አሳይቷል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ስእለት አይያዙት። ሁለተኛው ድክመት የሥሩ ሕመም ነው። ከደረጃ በታች የሚወርደው ዓይነት ሥሩን ከሚያማቸው የጠቀመው ሲሶ ያህሉን ብቻ ነበር። ልምምዱ ተለውጦ ተረከዝ መሬት ሲነካ እንዲያቆም ሲደረግ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተሻላቸው። ልዩነቱ የአንድ ብሎኬት ከፍታ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ጓደኛዎን የፈወሰው ልምምድ እርስዎን ያባባሰበት ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

## ሦስተኛ፦ ደረጃ በደረጃ፣ ሩጫ ሳያቆሙ

ይህኛውም ከስዊድን ነው። ተረከዝ ማንሳቱንም ማውረዱንም የታመመው እግር ይሠራዋል፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቀጥሎ በአንድ እግር፣ ቀጥሎ በፍጥነት፣ በመጨረሻ ቀላል ዝላይ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ከላይ ያልኩት የ5 ከ10 ደንብ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት ታይቷል፦ ደንቡን ጠብቀው መሮጥ የቀጠሉት፣ ለስድስት ሳምንት ከሩጫ ከታቀቡት የባሰ ውጤት አላገኙም። ለሩጫ ለሚኖር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ራስን መግዛት መጠየቁ ነው። ሕመሙ 7 ሆኖ «4 ነው» ለሚል ሰው አይሆንም፤ እንደዚያ የሚዋሽ ሯጭ ደግሞ ሞልቷል።

## አራተኛ፦ ከባድ ክብደት በዝግታ

እ.ኤ.አ. በ2015 ዴንማርክ ውስጥ 58 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ተረከዝ ማውረድን፣ ሌላው በሳምንት ሦስት ቀን ከባድ ክብደትን 12 ሳምንት ሠሩ። ሁለቱም ተሻላቸው፤ ከዓመት በኋላም ልዩነት አልታየም። ጊዜው ግን ተለያየ፦ ተረከዝ የሚያወርዱት በሳምንት 308 ደቂቃ፣ ክብደት የሚሠሩት 107 ደቂቃ።

ዝግታው ዋናው ነው። ሦስት ሰከንድ ተረከዝን ማንሳት፣ ሦስት ሰከንድ ማውረድ። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ጊዜ ብቻ የሚያስነሳዎትን ክብደት ይያዙ፤ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ክብደቱ እየጨመረ ድግግሞሹ ወደ 12፣ 10፣ 8፣ በመጨረሻ 6 ይወርዳል። ሦስት ወይም አራት ዙር፣ በዙሮች መካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፍት፣ በቀኖቹ መካከል ቢያንስ አንድ የእረፍት ቀን።

ጥናቱ የተሠራው በጂም ዕቃ ነው። ጂም ካለ መልካም፤ ከሌለ ጀሪካን ሚዛንም ክብደትም ይሆናል፤ የ1 ሊትር ውኃ ክብደት 1 ኪሎ ነውና። በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ የታመመውን እግር ፊተኛ ክፍል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያኑሩ፣ ጋቢ አጥፈው ከጉልበትዎ ትንሽ ከፍ ብሎ ጭንዎ ላይ ያድርጉ፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሌላ ሰው እዚያ ላይ ያስቀምጥልዎት። ተረከዝዎን ያንሱና ያውርዱ። ሲቀልልዎት ሁለተኛ ጀሪካን ይጨመራል፤ 20 ሊትር ሲበዛ ግማሹን ይሞሉታል። ሥሩን የሚያመው ሰው ድንጋዩን ያንሳና መሬት ላይ ይሥራ። ተቀምጦ የሚሠራው የባትን የውስጠኛውን ጡንቻ ያጠነክራል። ቆሞ ለሚሠራው ደግሞ በቦርሳ እህል ወይም አሸዋ ይሆናል፤ በአንድ እግር ሲቆሙ የራስዎ ክብደት ራሱ ከባድ ስለሆነ ብዙ መጨመር አይጠይቅም።

ውኃ ከወንዝ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ከዚህ አይቆጠርም። ጫናው ተመሳሳይ ቢመስልም ፍጥነቱንም ተረከዝ የሚወርድበትንም ልክ እርስዎ አይወስኑትም።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | መሐሉን ለሚያመው | ሥሩን ለሚያመው | ጊዜ | ዕቃ | ሲሠሩ ሕመም |
|---|---|---|---|---|---|
| ቆሞ መቆየት | ለመጀመሪያ | ለመጀመሪያ | በቀን 15 ደቂቃ ገደማ | የለም | ትንሽ |
| ተረከዝ ማውረድ፣ ከደረጃ በታች | ይሆናል | አይሆንም | በሳምንት 5 ሰዓት ገደማ | ደረጃ ወይም ብሎኬት | ብዙ ጊዜ አለው |
| ተረከዝ ማውረድ፣ እስከ መሬት | ይሆናል | ይሆናል | የቻሉትን ያህል | የለም | መካከለኛ |
| ደረጃ በደረጃ | ይሆናል | ተረከዝ ዝቅ ሳይል | በየቀኑ ጥቂት | ደረጃ | እስከ 5 ከ10 |
| ከባድ በዝግታ | ይሆናል | መሬት ላይ ብቻ | በሳምንት 2 ሰዓት ገደማ | ጂም ወይም ጀሪካን | ትንሽ እስከ መካከለኛ |

## ለማን የትኛው?

ለሯጭ ሦስተኛውንና አራተኛውን አጣምሬ እመክራለሁ፦ በሳምንት ሦስት ቀን ከባድ ክብደት፣ ሩጫው በደንቡ። መጀመሪያ የሚቀነሰው ፍጥነትና ዳገት ነው። ጣርማበርን ለጊዜው ተወው፤ ሜዳ ላይ ሶምሶማ ይብቃህ። ዝላይ የሚጨመረው በአንድ እግር ሃያ ጊዜ ያህል ያለ ችግር ስትነሳ ነው። አበበ ቢቂላ የዚሁ አገር፣ የጃቶ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል ብለህ ጫማህን አታውልቅ፤ ባዶ እግርና ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ የባትንና የጅማትን ሥራ ይጨምራሉ።

ለገበሬና ቀኑን ሙሉ ደፋ ቀና ለሚል ሰው አራተኛው ይሻላል። የማታ ሥራ ነው፣ በሳምንት ሦስት ማታ። ደረጃ ላይ 180 ጊዜ የሚሠራበት ትርፍ ጊዜ እርሻ ላይ የለም። የእርሻው ወቅት እስኪያልቅ አልጠብቅም፤ ክብደቱን ቀለል አድርጌ እጀምራለሁ።

ለመምህር፣ ለባለሱቅ፣ ለቢሮ ሠራተኛ፣ ገንዘብም ጂምም ከሌለና የሚያመው መሐሉ ከሆነ ሁለተኛው በቂ ነው። በየዕረፍቱ ጥቂት ጥቂት ተከፋፍሎ ሊሠራ መቻሉ ይጠቅማል።

ሥሩን ለሚያማቸው፣ በተለይም ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ እናቶችና አባቶች፣ እስከ መሬት የሚወርደው ዓይነት ይጀመር። ጫማ ውስጥ ከተረከዝ ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ነገር ማኖር ለጊዜው ያቀልላል፤ ጀርባው የማይፈትግ ጫማም እንዲሁ። ስግደቱን በተመለከተ ለንስሐ አባት መንገር ነው፤ ለታመመ ሰው መላ አይጠፋም። ስኳርና ኮሌስትሮል መመርመርም ተገቢ ነው፤ ሁለቱም ከጅማት ሕመም ጋር ይያያዛሉ። በጾም ወራት ከገበታው ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ አይጉደል፤ ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም።

ገንዘብ ካለዎት በቅደም ተከተል እንዲህ ያውጡት። መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ አንድ ሁለት ጊዜ ሄደው ቦታውን ያስለዩና አሠራርዎን ያሳዩ። ቀጥሎ ጫማ። ቀጥሎ ጂም። ሾክዌቭ የሚባለውን የማሽን ሕክምና ፍለጋ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ መውረድ የሚታሰበው በትክክል የተሠራ የሦስት ወር ልምምድ ካልበቃ ነው፤ ያኔም ከልምምዱ ጋር እንጂ በእሱ ፈንታ አይደለም።

በስድስተኛው ሳምንት የጠዋቱ ቁጥር ካልተነቃነቀ፣ ልምምድ ከመቀየርዎ በፊት ክብደቱን ይፈትሹ፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀለለ ሆኖ ይገኛል። ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ሩጫ ወይም ሥራ መመለስ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ሕመሙ ቀድሞ ይጠፋል፣ ጥንካሬው ዘግይቶ ይመጣል፣ ስለዚህ ሕመሙ በጠፋበት ቀን አያቁሙ። 12 ሳምንት ሠርተው ያልተሻላቸው ሰዎች ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የጠዋቶቹን ደብተር፣ የሠሩትን ክብደትና የወሰዱትን መድኃኒት ዝርዝር ይዘው ይሂዱ።